በኦተም ውሻ ይዞ ባሕር ዳርቻና አትክልት ስፍራ፦ የአንድ ቀን ውሎ ከጠዋት እስከ ማታ

አገር ቤት አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ እዚህ እንግሊዝ ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል። ኦተም ይሉታል፣ መጸው ማለት ነው። ብዙ ሐበሻ ይህን ወቅት አይወደውም። ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ዝናቡ አያባራም። ውሻ ላለው ሰው ግን ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ያሉትን ሳምንታት የሚያህል የለም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ብዙ የባሕር ዳርቻዎች ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ለውሻ ዝግ ናቸው። ኦክቶበር ሲገባ ይከፈታሉ። ትልልቆቹ የገጠር አትክልት ስፍራዎች ደግሞ በቀይና በወርቃማ ቀለም የሚደምቁት ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ባሕሩም ዛፉም በአንድ ቀን ይገኛል።

የምኖረው ለንደን ነው። ቡቺ የሚባል የኮከር ስፓንየል ዝርያ ውሻ አለኝ። ስሙን ያወጣሁለት አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ በነበረው ቡቺ ነው። በየኦክቶበሩ አንድ ቀን ይዤው በደቡብ ጠረፍ ወዳለው ሰሴክስ እወርዳለሁ፤ ጠዋት ባሕር፣ ከሰዓት በኋላ አትክልት ስፍራ። ያንን ቀን እንዴት እንደማሰናዳው ደረጃ በደረጃ እጽፋለሁ። መንገዱ የሰሴክስ ነው፣ አሠራሩ ግን ሌላም ቦታ ይሠራል። ሰዓቶቹን የጻፍኩት በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። የባሕሩም የባቡሩም ሰንጠረዥ በዚያ ስለሚወጣ አያደናግርም።

1. ቀኑን ስትመርጡ ከውኃው ጀምሩ

ሰው ቀን ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚያየው የአየር ጠባዩን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ውኃውን ነው። ዝናብ ቢመጣ ካፖርት አለ። ባሕሩ ሞልቶ ከጠበቃችሁ ግን ውሻው የሚሮጥበት መሬት የለም።

እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች የምናውቀው ሐይቅ ነው። የጣና ዳር ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ። የእንግሊዝ ባሕር እንደዚያ አይደለም። ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ ይሸሻል፣ እንደገና ይሞላል። ታይድ የሚሉት ይህን ነው። በሰሴክስ ጠረፍ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ፣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ከፍታ 6 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጠዋት ውሻችሁ የሮጠበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ጥልቅ ውኃ ሥር ነው። በመጸው መግቢያ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ደግሞ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል።

አደራረጉ ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ «ታይድ ታይምስ» ብላችሁ የምትሄዱበትን ዳርቻ ወይም የቅርቡን ወደብ ስም ጨምሩ። ለእኔ መንገድ የሚሆነው ኒውሄቨን ነው። አብዛኛውን ቀን አራት የተለያዩ ሰዓቶች ይወጡላችኋል፤ ሁለቱ የሙላት፣ ሁለቱ የሽሽት። የምትፈልጉት «ሎው ታይድ» የሚለውን ነው። ከእሱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ባሕሩ ጋ ድረሱ። ሎው ታይድ ሲሆን ዕቃችሁን ሰብስባችሁ መመለስ ጀምሩ። ውኃው እየሸሸ ትጫወታላችሁ፣ መሙላት ሲጀምር እናንተ መንገድ ላይ ናችሁ።

ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ዛሬ ሎው ታይድ 10:00 ከሆነ፣ ነገ 10:50 ገደማ ነው። በሳምንቱ ወደ 16:00 ይጠጋል። ስለዚህ አንዱ ቅዳሜ ካልሆነላችሁ የሚቀጥለው ሌላ ዓይነት ቀን ነው። እኔ ሎው ታይዱ ከ10:00 እስከ 12:00 የሚውልበትን ቀን እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ከሆነባችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ አትክልት ስፍራው ይቅደም።

ሁለቱም በሚቻልበት ጊዜ ግን ባሕሩን አስቀድሙ። ጉልበቱን አሸዋ ላይ የጨረሰ ውሻ አትክልት ስፍራ ውስጥ ከጎናችሁ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቡቺ ጠዋት በትኩሱ ዳክዬ ካየ ክንድ ይገነጥላል።

2. ውሻ የሚገባበትን በርና ሰዓት አጣሩ

ሦስት ጥያቄ ነው። ውሻ ይገባል? የትኛው ክፍል? በስንት ሰዓት?

ሦስቱም መልስ ሊለያይ ይችላል። ለንደን ያለው ኪው ጋርደንስ ከረዳት ውሾች በስተቀር አያስገባም። በግሎስተርሺር ያለው ዌስተንበርት፣ በሜፕል ዛፎቹ የታወቀው ትልቅ የዛፍ ስብስብ፣ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሲልክ ዉድ በሚባለው ወገን ውሻ እንደልብ ይገባል፤ ኦልድ አርቦሪተም በሚባለው ግን ረዳት ውሻ ካልሆነ አይገባም። ይህን ሳያውቅ ከለንደን ሁለት ሰዓት የነዳ ሰው ግማሹን ቦታ ሳያይ ይመለሳል። ውሻ የሚገባው ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ብቻ የሆነባቸው ቦታዎችም አሉ። ደንቡ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ አምና ያያችሁትን አትመኑ። በምትሄዱበት ሳምንት ድረ ገጻቸውን እዩ ወይም ደውሉ። ኦክቶበር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ በጣም ስለሚጨናነቅ፣ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልግ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

የባሕር ዳርቻውም እንዲሁ ነው። የውሻ ክልከላው የሚወጣው በየአካባቢው ምክር ቤት ነው። አብዛኛው ሴፕቴምበር 30 ያበቃል፣ ሁሉም ግን አይደለም። መግቢያው ላይ ካርታ ያለው ሰሌዳ ይቆማል። ቆማችሁ አንብቡት። እዚያው የሚጻፈው ቅጣት 100 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል።

ፀሐይዋን ደግሞ አትርሱ። ኦክቶበር 1 ላይ ለንደን አካባቢ የምትጠልቀው 18:35 ገደማ ነው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኖቬምበር ሲገባ 16:30 ላይ ትጠልቃለች። ሁለቱን ቦታ በአንድ ቀን ማዳረስ የሚመቸው ሰዓቱ ከመቀየሩ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱን መርጣችሁ በደንብ ማየት ይሻላል።

3. የእኔ መንገድ

ባሕሩ ከክሚር ሄቨን ነው። በሲፎርድና በኢስትቦርን መካከል፣ ሰቨን ሲስተርስ የሚባሉት ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደሎች ከሚጀምሩበት ሥር ያለ ዳርቻ ነው። እዚያን የምመርጠው መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ነው። ኤክሲት ከምትባለው ቦታ መኪና አቁማችሁ፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዘውን የከክሚር ወንዝ ተከትላችሁ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ትሄዳላችሁ። አቀበት የለውም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ የነበረ ጊዜ ጉልበቷ እያመማት እንኳ ያለ ችግር ሄዳዋለች።

ከሰዓቱ ሼፊልድ ፓርክ ነው። ከአክፊልድ ከተማ አቅራቢያ ያለ፣ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው አትክልት ስፍራ ነው። ከባሕሩ በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። መሬቱን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቀረጹት ዝነኞቹ የአትክልት ስፍራ ነዳፊዎች ኬፓቢሊቲ ብራውንና ሃምፍሪ ሬፕተን ናቸው። የዛሬውን ቀለም ያመጡት ግን አርተር ሶምስ የሚባሉ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቦታውን የገዙ ሰው ናቸው። ከሰሜን አሜሪካና ከእስያ ዛፍ እያስመጡ ተከሉ። ቱፔሎ የሚባለውን ዛፍ በተለይ በብዛት ተክለዋል። በመጸው እሳት የመሰለ ቀይ ይሆናል፤ ከሌሎቹም ቀድሞ ይቀላል። ተከታትለው የተሠሩ ሐይቆች አሉ። ነፋስ በሌለበት ቀን ዛፉ ሁሉ ውኃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ድልድዩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እንዲህ ሆኖ የሚረግፍ ቅጠል አላየሁም» አለችኝ።

መኪና ለሌላችሁ፦ ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ለባሕሩ ከቪክቶሪያ ጣቢያ በሉዊስ በኩል ሲፎርድ በባቡር፣ ከሲፎርድ በ12 ቁጥር አውቶቡስ ኤክሲት። ለአትክልት ስፍራው ከቪክቶሪያ ኢስት ግሪንስቴድ፣ ከዚያ ብሉቤል ሬልዌይ በሚባለው የእንፋሎት ባቡር ሼፊልድ ፓርክ ጣቢያ። ባቡሩ በበጎ ፈቃደኞች እየተንቀሳቀሰ ከ1960 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ የሚሠራ ነው። በየቀኑ አይሄድም፣ የቀኑን ሰሌዳ እዩ። ከጣቢያው አትክልት ስፍራው በእግር ቅርብ ነው።

በመደበኛው ባቡር አንድ መንገደኛ እስከ ሁለት ውሻ በነጻ ይዞ መሄድ ይችላል። መታሰር አለበት፣ ወንበር ላይ አይወጣም። የለንደን ምድር ባቡር ውስጥ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ውሻውን መሸከም አለባችሁ፤ ጣቱ ሊያዝበት ይችላል። ትልቅ ውሻ ካላችሁ ሊፍት ያለውን ጣቢያ ቀድማችሁ ፈልጉ።

4. ዋዜማውን ቦርሳውን አዘጋጁ

ብዙ አትሸከሙ። ለውሻው እኔ የምይዘው ይህን ነው፦ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃና ሳህን፣ ሁለት ፎጣ፣ አጭር ማሰሪያና ረጅም ማሰሪያ፣ ፌስታል ከበቂ በላይ፣ የመዥገር መንቀያ፣ የእሱ ምግብ። በስልኬ ላይ የእንስሳት ሐኪማችን ቁጥርና የምንሄድበት አካባቢ የቅርብ ሐኪም ቁጥር ተመዝግቧል። ገጠር ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ያን ጊዜ መፈለግ አይቻልም።

አንገቱ ላይ የናንተ ስምና አድራሻ የተጻፈበት ምልክት መኖር አለበት። ይህ በሕግ የታዘዘ ነው። ቆዳው ሥር ያለው ቺፕ ብቻውን አይበቃም። ስልክ ቁጥርም ጨምሩበት፤ ያገኘው ሰው ወዲያው የሚደውለው በእሱ ነው።

አሁን ስለኛ ምግብ። ይህን ሐበሻ ወዳጆቼ ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ሽርሽር ስንወጣ ዕቃው ውስጥ የሚገባው ጥብስ ነው፣ ዱለት ነው፣ ትናንት የተረፈ ወጥ ነው። ሁሉም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ጥሬም ይሁን የበሰለ ለውጥ የለውም። ምልክቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ነው ውሻው የሚዝለው፣ ድዱ የሚነጣው። ወጥ የነካ እንጀራ አትስጡት። የዶሮ አጥንትም እንዲሁ፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ያለበት ሕምባሻ ኩላሊቱን ሊያበላሽ ይችላል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ደግሞ ለውሻ ከቸኮሌትም የባሰ መርዝ ነው።

ሰው በፍቅር ነው የሚያጎርሰው። እናቴም ልታጎርሰው ስትል ነው ያስቆምኳት። አሁን ቦርሳ ውስጥ ሽንኩርት ያልነካው ቅቅል ሥጋ ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ እንግዳ ማጉረስ ሲፈልግ ከዚያ ይሰጠዋል።

5. መንገድ ላይ

መኪና ውስጥ ውሻው መታሰር ወይም ሳጥኑ ውስጥ መሆን አለበት። የመንገድ ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል አትመግቡት። ማሰሪያውን ሳትይዙ በር አትክፈቱ፤ ገጠር የደረሰ ውሻ ሽታው ብቻ ያሳብደዋል።

6. ባሕሩ ጋ

ከመኪናው እስከ ጠጠሩ ድረስ ማሰሪያው አይፈታ። በዚያ መስክ ላይ በጎች ይሰማራሉ። ውሻችሁ በሕይወቱ በግ አሳዶ የማያውቅ ቢሆንም አትፍቱት። በግ ሲሮጥ ያየ ውሻ ሁሉ መሮጥ ያምረዋል። ገበሬው በጎቹን ለማዳን ሌላ አማራጭ ካጣ ውሻውን ቢተኩስ ሕጉ የሚከላከልለት ሁኔታ አለ። የከብት መንጋ እናንተን ማሳደድ ከጀመረ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማሰሪያውን ልቀቁት። ላሞቹ የሚፈልጉት ውሻውን ነው፣ እሱ ሮጦ ያመልጣል። አትያዙት፣ አትሸከሙት።

ዳርቻው ጠጠርና ባልጩት ነው። የመዳፉ ቆዳ ስስ የሆነ ውሻ መጀመሪያ ያነክሳል። ቀስ ብላችሁ አስጀምሩት። ውኃው ሲሸሽ ከታች ለስለስ ያለ አሸዋ ይገለጣል። ቡቺን ረጅሙን ማሰሪያ አድርጌ የምለቀው እዚያ ነው።

ከገደሉ ራቁ። ከላይም ከታችም። ኖራ ድንጋይ ነው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። ከላይ ስትቆሙ ከእግራችሁ ሥር ባዶ መሆኑን አታዩም። ከታች ስትቀመጡ ደግሞ ድንጋዩ ይወርድባችኋል። በገደሉ ሥር ወደ በርሊንግ ጋፕ ልሂድ የሚል ሰው ውኃው ሲሞላ መውጫ የለውም፤ በመካከል ደረጃ የሚባል ነገር የለም። እኔ ያንን መንገድ አልሄድም። ከወንዙ አፍም ራቁ። ላዩ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ውኃው ግን በኃይል ይስባል።

ውሻው ገደል ቢወድቅ ወይም ውኃ ቢወስደው አትከተሉት። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ብዙ ጊዜ ውሻው ራሱ ዋኝቶ ይወጣል፣ ሊያድነው የገባው ሰው ነው የሚቀረው። 999 ደውሉና «ኮስትጋርድ» በሉ፤ የባሕር ጠረፍ ነፍስ አድን ማለት ነው።

አሁን ስለ ጨው ውኃ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላውቅም ነበር። ቡቺ ኳሱን ከማዕበሉ ውስጥ ባነሳ ቁጥር አንድ ጉንጭ ይውጥ ነበር። እኔ ደስታውን እያየሁ ቆምኩ። ወደ ለንደን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ደጋግሞ አስመለሰ፣ ሲወርድም እግሩ ተንገዳገደ። ሐኪሙ ጋ አደርን። የባሕር ጨው በብዛት ከተጠጣ ደሙ ውስጥ ያለውን ሚዛን ያፋልሳል፣ ሲበዛ ይገድላል። ከዚያ ወዲህ በየ15 ደቂቃው ጨዋታውን አቋርጬ ንጹሕ ውኃ አጠጣዋለሁ። ውኃ የጠማው ውሻ ነው ባሕሩን የሚጠጣው። ኳሱንም ወደ ማዕበሉ ሳይሆን እርጥቡ አሸዋ ላይ እወረውራለሁ።

ከማዕበል ቀን በኋላ ከሄዳችሁ የውኃው መስመር ላይ ያለውን ነገር አስተውሉ። የበሰበሰ ዓሣ፣ መንጠቆ፣ ገመድ ይኖራል። አንዳንዴ ሰም ወይም ጮማ የሚመስል ነጭ ድፍን ነገር ይወጣል። መርከቦች የሚያፈሱት የፓልም ዘይት ነው። ሽታው ውሻን ይጠራል፣ ይዞት የሚመጣው ቆሻሻ ግን ሊመርዘው ይችላል። ካያችሁት ወዲያው እሰሩት።

ሲጨርስ በንጹሕ ውኃ መዳፉንና ሆዱን አለቅልቁት፣ ጆሮውን አድርቁ። እርጥብ ሆኖ መኪና ውስጥ የገባ ውሻ ይበርደዋል። ፎጣ አልብሱት። ከዚያ ምግቡን ትንሽ ብቻ ስጡት፤ ዋናውን ለማታ አቆዩት።

7. አትክልት ስፍራው ውስጥ

እዚህ አጭሩን ማሰሪያ አድርጉ። የሚዘረጋውን ዓይነት አልወደውም። ሰው ይጠልፋል፣ ውሻውም አበባው መሀል ይገባል። በመንገዱ አንድ ጠርዝ፣ ውሻውን ከተክሉ ወገን ሳይሆን ከውጭ ወገን አድርጋችሁ ሂዱ። ሐይቅ ውስጥ አይገባም፤ የውኃ ወፎች ይኖሩበታል። ሰገራውን አንሱ፣ ፌስታሉን ቅርንጫፍ ላይ አትስቀሉ።

ውሻ የሚፈሩ ሰዎች አሉ። እኛ አገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ከልጅ ጋር አይጫወትም። ነክሶት ያደገ ሰው ይኖራል። ልጅ ወደ እናቱ ጉያ ሲሸሽ ካያችሁ ቆማችሁ ውሻውን አስቀምጡትና አሳልፏቸው። እንዲህ ሳደርግ ስንት ጊዜ ምስጋና አግኝቻለሁ።

ትልቁ ጉዳይ መሬት ላይ ያለው ነው። በዚህ ወቅት ውሻ የሚጎዳው በላይ በሚያምረው ሳይሆን በታች በወደቀው ነው።

ኮንከር የሚባለው፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፍሬ፣ እሾሃማ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወድቃል። ኳስ ይመስላል፣ ውሻም እንደ ኳስ ይይዘዋል። መርዝ አለው፣ ካልተሰበረም አንጀት ይዘጋል። የኦክ ፍሬም ሆድ ያቆስላል። ዩው የሚባለው ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ቀይ ፍሬ አለው፤ ቅጠሉም ዘሩም ልብ ያቆማል። እሱን በየድሮ አትክልት ስፍራውና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታገኙታላችሁ። ዱላ እንኳ ከሥሩ አንስታችሁ አትወርውሩ።

ቅጠል ሳይኖራት ከመሬት ብቻዋን የምትወጣ ሐምራዊ አበባ አለች። ኮልቺከም ትባላለች። ታምራለች፣ በጣም መርዛም ናት። በዚሁ ሰሞን አትክልተኞች ለመጪው ጸደይ ዳፎዲል የሚባለውን አበባ ሥር ይቀብራሉ። ሽንኩርት ይመስላል፣ ቆፍሮ የበላ ውሻ ይታመማል። አዲስ የተቆፈረ አፈር ካያችሁ አታስቁሙት።

እንጉዳይን በተመለከተ አንድ ሕግ አለኝ። የትኛው ጥሩ የትኛው መጥፎ ብዬ አልለይም። ምንም እንጉዳይ አይነካም፣ አለቀ። ዴዝ ካፕ የሚባለው ጉበት ያጠፋል፣ ሲያዩት ግን ተራ እንጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ እየተከታተሉ መሄድ አይቻልም ብላችሁ አትፍሩ። ለውሻው አንድ ቃል ብቻ አስተምሩት፦ «ተው»። ቤት ውስጥ ዘቢብ በማይነካ ጣፋጭ ጀምሩ። እጃችሁ ላይ ያለውን ሲተው ሌላ የተሻለ ስጡት። በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ሳምንት። ቡቺ አማርኛ ነው የሚሰማው። ኮንከር አፉ ውስጥ ገብቶ እንኳ «ተው» ስለው ይተፋል። ከማሰሪያም ከመመሪያም የበለጠ ያገዘኝ ይህ ነው።

በልቶ ካያችሁት ራሳችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ። ጨው ውኃ አትጋቱት። ምን እንደበላ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቁራጩን በፌስታል ያዙ፣ ሐኪም ጋ ደውሉ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ውሻ ካልገባ ደጅ ጠረጴዛ ይኖራል። የገጠር መጠጥ ቤቶች ብዙዎቹ ውሻ ያስገባሉ፤ በር ላይ ቆሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሰሴክስ የራቃችሁ፣ ኖርፎክ አካባቢ ያላችሁ፣ ሼሪንጋም ፓርክን ከባሕሩ ጋር አያይዙት። እሱንም ሬፕተን ነው በ1812 ያቀደው፣ ከዛፉ ሥር ባሕሩ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። በዚያ ጠረፍ፣ በብሌክኒ ፖይንትና በሆርዚ፣ ግራጫ ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ ይወልዳሉ። ግልገሎቹ ነጫጭ ናቸው፣ አሸዋ ላይ ይተኛሉ። ውሻ ከቀረበ እናቲቱ ጥላ ትሸሻለች፣ ግልገሉ በረሃብ ይሞታል። እናቲቱ ካልሸሸች ደግሞ ንክሻዋ ከባድ ነው። በዚያ ወቅት ውሻ ይዛችሁ ወደ እነዚያ ቦታዎች አትሂዱ። ሌላ ዳርቻ ሞልቷል።

8. ማታ ቤት ስትገቡ

ደክሟችኋል፣ እሱም ደክሞታል። ቢሆንም ከመተኛታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ስጡት።

ለብ ባለ ውኃ ጭቃውን ሙሉ በሙሉ እጠቡ፣ አድርቁ። አላባማ ሮት የሚባል ውሻን የሚይዝ በሽታ አለ። እምብዛም አያጋጥምም፣ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባሉት ጭቃማ ወራት ግን ይታያል። መንስኤው በውል አልታወቀም። እግር ላይ ወይም አፍ አካባቢ ምክንያቱ የማይታወቅ ቁስል ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ያሳዩት።

ከዚያ በጣታችሁ ፀጉሩን ወደ ኋላ እያላችሁ መዥገር ፈልጉ። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብቱ፣ ከእግር ጣቶቹ መሀል። በመጸው መዥገር እንደገና ይበዛል። ካገኛችሁ በመንቀያው ቆዳው ሥር ያዙና እያዞራችሁ አውጡ። አትጭመቁት፣ ክብሪት አታስጠጉበት። በጣቶቹ መሀል ብርቱካናማ አቧራ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሃርቨስት ማይት የምትባል ደቃቅ ተባይ ናት፤ ትበላዋለች፣ ያሳክከዋል፣ ሐኪም ማጥፊያ ይሰጣችኋል። ራሳችሁንም ፈትሹ። መዥገር ሰውንም ላይም በሚባል በሽታ ይይዛል።

ለሦስት ቀን ዓይናችሁን አትንቀሉበት። ከኦገስት እስከ ኖቬምበር፣ ጫካ የሄዱ ውሾች በ24 እና በ72 ሰዓት መካከል በድንገት የሚያስመልሱበትና የሚያስቀምጣቸው፣ ፈጽሞ የሚዝሉበት ሕመም አለ። በምሥራቅ እንግሊዝ ጫካዎች፣ በሸርዉድና በቴትፎርድ አካባቢ፣ ታይቷል። በጊዜ የታከመ ይድናል። ምግብ እንቢ ካለ፣ ካስመለሰ፣ ከተንገዳገደ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። የት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት።

እኔ ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ደብተር አለኝ። የሄድንበትን ቀን፣ የሎው ታይዱን ሰዓት፣ የትኛው ዛፍ ቀልቶ የትኛው ገና አረንጓዴ እንደነበር ሁለት መስመር እጽፋለሁ። አምና ኦክቶበር 12 ላይ ቱፔሎዎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰው ነበር። ዘንድሮ አንድ ሳምንት ቀደም ብለን እንወጣለን።